የቆጠብነው ውሃ የማን ነው?

ለካኩማ ነዋሪ ስለ ውሃ ቁጠባ መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ጀሪካኖቻችን ከእኛ ቀድመው ቧንቧው ሥር ተሰልፈው ያድራሉ። ዓለም አቀፉ የዕርዳታ ሥራ መመሪያ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ ይድረሰው ይላል፤ ለመጠጡም፣ ለወጡም፣ ለገላውም ማለት ነው። አምስት ነፍስ ላለበት ቤት ሲሰላ አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እንኳ አይሞላም። ያም ቧንቧው በሰዓቱ ሲመጣ ነው።

እንግዲህ እንቆጥባለን። ዕቃ በሳፋ እንጂ በሚፈስ ውሃ አናጥብም። የልብሱን የመጨረሻ ማለቅለቂያ ለሚቀጥለው ልብስ መዘፍዘፊያ እናቆየዋለን። ልጆች የታጠቡበት ከፓፓያዋ ሥር ይደፋል። ለእጅ መታጠቢያ ቆርቆሮ በሚስማር በስተን ሰቅለናል። «ጠብታ ምን አላት?» ለሚሉን፣ በየሴኮንዱ አንዲት ጠብታ የሚያፈስ ቧንቧ በቀን 86,400 ጠብታ፣ ይኸውም 4 ሊትር ያህል እንደሚያባክን አስልተን ነግረናል። (ሥራ ፈት ሰው ስሌት ይወዳል።) እንዲህ እያልን በሳምንት አንድ ሙሉ ጀሪካን እስከ ማትረፍ ደረስን፤ ከመጋረጃው ኋላ አስቀምጠንም እንደ ወርቅ እንጠብቀው ጀመር።

ጭቅጭቁ የመጣው ከዚያ ነው። አንድ ቀን ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት እንጨት የምትሸጥ የቱርካና ሴት ሸክሟን ከደጃችን አሳርፋ «ማጂ» አለች። «ሃኩና» አልናት። የለም ማለታችን ነው። ጀሪካኑ ግን ከመጋረጃው ኋላ ሙሉ ነበር። ሴትዮዋ አልተቆጣችም፤ እንጨቷን ተሸክማ ሄደች።

ያን ማታ በቤታችን ክርክር ሆነ። ገሚሶቻችን፣ «ከልጆች አፍ ቀንሰን ያስቀመጥነው ነው፤ ለመጣው ሁሉ ከቀዳን ቧንቧው የተበላሸ ዕለት ማን ይደርስልናል?» አልን። ይህ ከንቱ ነገር አይደለም፤ ቧንቧ ሁለት ቀን ሲጠፋ አይተናል። ሌሎቻችን ግን፣ «ለመሆኑ ውሃው ከማን ምድር የወጣ ነው?» ብለን ጠየቅን። የምንጠጣው በታራች ወንዝ አካባቢ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች እየተሳበ የሚመጣ ነው። ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ የአገሩ ሴቶች ያንኑ አሸዋ ጭረው ይቀዳሉ። ካምፑ እ.ኤ.አ. በ1992 ሳይተከል በፊትም ሲቀዱ ኖረዋል። በራሽን ካርዳችን ላይ ግን ስማቸው የለም።

በአገራችን ለመንገደኛ ውሃ መከልከል ነውር ነበር፤ እንዲያውም ውሃ ለጠየቀ ጠላ ይቀርብለት ነበር። ዳሩ ግን ምንጭ ከጓሮው ላለ ሰው ያ ቸርነት ምን ያስከፍለው ነበር? (እንስራ በጀርባዋ አዝላ ዳገት የወጣች እናታችን ይህን ብትሰማ እንደምትታዘበን እናውቃለን።) ከራሳችን ስንቀንስ ቁጠባ አልነው፤ ከሌላው ስንከለክልም ስሙን አልለወጥንለትም። እኛን የከነከነን ይህ ነው። ባንሰጣት እንኳ «አለን፣ ግን አንሰጥሽም» ማለት እንችል ነበር። ትክክል መሆናችንን ካመንን ስለምን ዋሸን?

ሴትዮዋ በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። ማንም ሳያዛት ትንሿ ልጃችን ጣሳውን ሞልታ አወጣችላት። ቆማ ጠጣች፤ ከሥር የቀረችውን ጠብታ በመዳፏ ተቀብላ ፊቷን አበሰችባት። እኛም ጣሳው ሲመለስ ጀሪካኑን ዘንበል አድርገን ስንት እንደ ቀረ ማየታችን አልቀረም።