ከምስክርነት በፊት መጠጊያ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ፣ በጎንደር በኩል መተማን የተሻገረ ዘመድ ወይም ጎረቤት ያላችሁ ጥቂቶች አይደላችሁም። ከእነዚህ መካከል ታግተው፣ ተገርፈው፣ ወላጆቻቸው ገንዘብ ልከው ያስለቀቋቸው አሉ። የደላላውን ስም ያውቃሉ፤ አይናገሩም። «ዝም አይነቅዝም» ይላል የአገራችን ሰው። ለመሆኑ የተበደለ ሰው የበደለውን የማጋለጥ ግዴታ አለበት?

ዘሌዋውያን 5፥1 ያየውን የማይመሰክር ሰው በደሉን እንደሚሸከም ያስተምራል። ስለዚህ ዝምታን ሁልጊዜ እንደ ትዕግሥት መቁጠር አንችልም። መናገር ግን ዋጋ ያስከፍላል። በሊቢያ፣ ባኒ ዋሊድ ስደተኞችን በማገትና በማሰቃየት የተከሰሰው ኪዳነ ዘካሪያስ በ2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተያዘው፣ አንድ ተጎጂ መንገድ ላይ አይቶት ለፖሊስ ስለ ጠቆመ ነው። ሌሎችም በፍርድ ቤት መሰከሩ። በ2013 ዓ.ም. ግን ተከሳሹ ከፍርድ ቤት አመለጠ፤ የዕድሜ ልክ እስራት የተፈረደበት በሌለበት ነው። እንደገና የተያዘው በ2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ነበር። እስከዚያ ድረስ ምስክሮቹ ምን እየተሰማቸው እንዳደሩ አስቡ።

ሕግም ይህን ፍርሃት ያውቃል። የእኛ የምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የምስክርን ማንነት መደበቅንና መኖሪያውን መቀየርን ይፈቅዳል። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሕግ ለስደተኛ ተጎጂዎች ሁለት ቪዛ አዘጋጅታለች። «ዩ ቪዛ» የከባድ ወንጀል ሰለባ ሆኖ ከመርማሪዎች ጋር ለሚተባበር ነው፤ በዓመት ከ10,000 ተጎጂዎች አያልፍም። «ቲ ቪዛ» በሰው ንግድ ለተጎዱ ነው፤ ጣሪያው 5,000 ነው። የሚጠየቀው ትብብር እንጂ ወንጀለኛው እንዲፈረድበት አይደለም። ከ18 ዓመት በታች የሆነ የሰው ንግድ ተጎጂ ደግሞ እንዲተባበር አይገደድም።

«ጥቅም ያለበት ምስክርነት እንዴት ይታመናል?» የሚል ይኖራል። ፍርሃትም እኮ ያስዋሻል። ሐሰትን የሚያጋልጠው ማስረጃን መመርመር ነው እንጂ ምስክሩን ያለ ከለላ ማስቀረት አይደለም። ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው፦ መጠጊያ የምስክርነት ደመወዝ ከሆነ፣ መናገር ያቃተውን ማን ያስጠጋዋል? ረዓብ ሰላዮቹን ስለ ረዳች ከነቤተሰቧ ዳነች። ዘዳግም 23፥15-16 ግን ከጌታው ያመለጠ ባሪያ ተላልፎ እንዳይሰጥና በመረጠው ስፍራ እንዲኖር ሲያዝ፣ በምላሹ ምንም አልጠየቀውም። እንግዲህ መጠጊያ ለተጎዳው ሁሉ የሚገባው ነው፤ ምስክርነት የሚጠየቀውም ከዚያ በኋላ ነው።

በሐዋርያት ሥራ 23 የጳውሎስ የእኅቱ ልጅ የግድያውን ሤራ ሰምቶ ሊናገር መጣ። የሻለቃው ይህን ወጣት በሕዝብ ፊት አላቆመውም። እጁን ይዞ ፈቀቅ አደረገው፣ ለብቻው ሰማው፣ ለማንም እንዳይናገር አዘዘው። ከዚያም ሥራውን ሠራ።

ወጣቶች ሆይ፣ እኛ «ምስክርነት» ስንል ማይክ እናቀብላለን። ከስደት የተመለሰች እኅት ወደ ኅብረታችን ብትመጣ ግን መድረኩ ይቆይ። የምታድርበት ቤት፣ የምትበላው እንጀራ፣ ምሥጢሯን የሚጠብቅ አንድ ሰው እናዘጋጅላት። ለፖሊስ መናገር የፈለገች ቀን አብረናት እንሂድ። ካልቻለችም ከማዕዳችን አናስነሣት።