ስእለትና የልጅ አካል

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ስለ ሁለት ወጣቶች ፍቅር ብቻ የተጻፈ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ደራሲው ግን በዲማ ጊዮርጊስና በደብረ ወርቅ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት የተማሩ የጎጃም ሰው ነበሩና፤ ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለን ካህናትና ምእመናን ልንመረምረው የሚገባ ጥያቄ ትተውልናል። ይኸውም ወላጆች የልጃቸውን አካል በስእለት ሊሰጡ ይችላሉን? የሚል ነው።

በመጽሐፉ የተነገረለት በዛብህ ገና ሕፃን ሳለ፣ በድንግልና ኖሮ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል ወላጆቹ ተስለውበታል። አድጎ በዲማ ሰብለ ወንጌልን በወደደ ጊዜ፣ የሚጨነቀው ኅሊና የራሱ፣ ያሰረው ቃል ግን የሌላ ሆነ። የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻም በበኩላቸው ለዘራቸው የሚመጥን አጣን እያሉ ልጃቸውን ያለ ባል አስቀሯት። ይህን የነቀፈውን ካሣንም አገሩ «ጉዱ» ብሎ ሰየመው፤ ከመመርመር እብድ ማለት ይቀላልና።

«አካል» ሲባል ሥጋ ብቻ ማለት እንዳይደለ ሊቃውንቱ ያውቁታል። ሦስት አካል ስንል «እኔ» የሚል፣ በራሱ የቆመ ማለታችን ነው። የፈጣሪና የፍጡር ልዩነት የተጠበቀ ሆኖ፣ ሰውም አካል አለው፤ እንግዲህ የሌላውን ሥጋ የተሳለ «እኔ» ባይነቱንም ተስሎበታል።

«ሐና ሳሙኤልን ሰጥታ የለምን?» የሚል ይኖራል። ሰጥታለች፤ ሆኖም ሳሙኤል ኢዮኤልና አብያ የተባሉ ልጆች እንደ ነበሩት በ1ኛ ሳሙኤል 8፥2 ተጽፏል። ለመቅደስ ሰጠችው እንጂ ጋብቻን አልከለከለችውም፤ ይህን ስንቱ ሰባኪ ይዘለዋል! «ሕፃንስ ሳይጠየቅ ይጠመቅ የለምን?» ቢባል፣ ይህ የከበደ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ጥምቀት ለሁሉ የተሰጠ ሲሆን፣ ድንግልና ለተሰጣቸው ብቻ እንደ ሆነ ጌታ በማቴዎስ 19፥11 አስተምሯል፤ ቅዱስ ጳውሎስም ስለ ደናግል ምክር እንጂ የጌታ ትእዛዝ እንደሌለው በ1ኛ ቆሮንቶስ 7፥25 ገልጿል።

ደራሲው ምንኵስናን ነቀፉ የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አይመስለኝም። ሰብለ በመጨረሻ በራሷ ፈቃድ መንኵሳለችና። በዛብህ ሳይጠየቅ የተጫነበትን እርሷ ወድዳ ተሸከመች፤ ይህም የሆነው እርሱ ከሞተ በኋላ ነው።

ስለዚህ የታመመ ልጇን ታቅፋ በደጀ ሰላም ለምትቆም እናት የነፍስ አባቷ ይንገራት፤ ጧፍ፣ ጃንጥላ፣ መጋረጃ፣ የራሷንም ጾም ትሳል፤ ልጇንም ፊደልና ዳዊት ታስተምረው። ማግባትን ወይም መመንኰስን ግን አድጎ በአንደበቱ እስኪናገር ድረስ ለእርሱ ትተውለት።