አናሌ ላይ የቀሩት ታንኮች

ልጄ፣ ስለ ታንክ ስናወራ ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ ስለ ብረቱ ውፍረትና ስለ ሞተሩ ጉልበት ነው። ሰውን ትረሳዋለህ፤ ይህ ያሳስበኛል። እስቲ ከዚህ ከሐረር በጅጅጋ አድርገን ኦጋዴን እንውረድና በ1928 ዓ.ም. የሆነውን ላጫውትህ።

ኢጣሊያ ያን ጊዜ ያመጣችው ትንሽ ታንክ ካሮ ቬሎቼ 33 ይባላል። ክብደቱ 32 ኩንታል ግድም ነው፤ ሁለት ሰው ተጣቦ ይቀመጥበታል፤ ቁመቱ ከቆመ ሰው ደረት አያልፍም። ዙሪያውን የሚተኩስ ማማ የለውም። መትረየሱ ከፊት ስለተተከለ ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚዞረው ጥቂት ብቻ ነው። ከጎን ወይም ከኋላ የመጣበትን ለመምታት ታንኩ ራሱ መዞር አለበት። ገላጣ ሜዳ ላይ ይህ ጉድለት ብዙም አይጎዳው። እሾሃማ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲገባ ግን ይጋለጣል።

ኦጋዴን ውስጥ ያለውን ቆራሄን ይጠብቁ የነበሩት ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት ናቸው። ምሽግ አስቆፈሩ፤ በአሮጌው ግንብ ላይ ኦርሊኮን የተባለውን የአውሮፕላን መቃወሚያ አስተከሉ፤ አውሮፕላን ሲመጣም ራሳቸው ይተኩሱ ነበር። በጥቅምት መጨረሻ ቆሰሉ። ወደ ሐኪም ይሂዱ ሲባሉ፣ እሳቸው ከሄዱ ሰዉ እንዳይበተን ፈርተው እምቢ አሉ። ቁስሉ አመረቀዘና ሞቱ። ሰዉም ተበተነ፤ ቆራሄም ተያዘ።

እዚህ ላይ ቆም በል። ጀግንነታቸውን ማንም አይነካውም። የፈሩት ነገር ግን ለምን ደረሰ? መድፉም፣ ትእዛዙም፣ የሰዉ ልብም በእሳቸው ላይ ተንጠልጥሎ ስለነበር ነው። እኔ የምወቅሰው እሳቸውን አይደለም። ሁሉን በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ የሚጭነውን አሠራር እወቅሳለሁ። አንድ እንጨት አይነድ፣ አንድ ሰው አይፈርድ ይባል የለ!

ከቆራሄ መያዝ ጥቂት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 1 ቀን፣ የኢጣሊያው ኮሎኔል ማሌቲ ባለ ሞተር ጦር ከፊታውራሪ ጎንጎል ሰዎች ጋር አናሌ በተባለ ቦታ ላይ ተገናኘ። ወታደሮቻችን ቁጥቋጦው ውስጥ አድፍጠው ከቅርብ ገጠሙት። ከታንኮቹ ጥቂቶቹ እዚያው ቀሩ፤ የተረፈው ጦር ወደ ቆራሄ ተመለሰ። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ በሰሜን፣ ደምበጉና ላይ፣ የራስ እምሩ ሰዎች የኢጣሊያን ታንኮች ከኋላ እየተጠጉ ላያቸው ላይ ወጡባቸው።

አሁን የኢጣሊያው ጄኔራል ግራዚያኒ ያደረገውን ተመልከት። ከአሜሪካ ካሚዮንና ካተርፒላር ትራክተር ገዛ፤ መንገድ አስጠረገ፤ ወራት ፈጅቶ ተዘጋጀ። ኢጣሊያ በዚህ ጦርነት እሳት የሚተፋ ታንክም ይዛ መጥታለች። ያው ትንሹ ታንክ ነው፤ የሚያቃጥለውን ነዳጅ በብረት ተሳቢ ከኋላው ይጎትታል። በእኛ በኩል ደጃዝማች ነሲቡ ዛማኑኤልና ቱርካዊው ወሂብ ፓሻ ሳሳበኔ ላይ ምሽግ አሠሩ። ጥሩ ሥራ ነበር። ግራዚያኒ ሚያዝያ 6 ቀን ተነሣ፤ ወሩ ሳያልቅ የምሽጉ መስመር ተሰበረ። መጋቢት 20 ቀን በቦምብ የነደደችው ሐረርም ሚያዝያ 30 ቀን ተያዘች።

የአውሮፕላኑን ብዛትና የመርዝ ጋዙን ግፍ አልረሳሁም፤ አንተም አትርሳ። ሆኖም ጠላት አናሌ ላይ የደረሰበትን ጉዳት ለአምስት ወር ዝግጅት ተጠቀመበት። አናሌ ላይ የተዋጉት ግን በደማቸው ያወቁትን ወስደው የሚያስተምሩበት ቦታ አልነበራቸውም ለማለት ይቻላል፤ ሆለታ ያለው የገነት ጦር ትምህርት ቤት ከተከፈተ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር።

ሐረር የራሷን ጦር አካዳሚ ያገኘችው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይታ ነው። የህንድ መኮንኖች እያስተማሩ፣ ዕጩ መኮንኖቹ ሦስት ዓመት ይማሩ ነበር።