ሲያንኮራፉ ማን ሰማዎት?

ሰው ስለ ራሱ ሊመሰክር የማይችልበት ነገር ቢኖር እንቅልፉ ነው። «ሌሊቱን ሙሉ ስታንኮራፋ አደርክ» ሲባል «እኔ?» ብሎ የማይቆጣ ማን አለ? በእንቅልፍ ላይ ትንፋሹ የሚቋረጥበት ሰው ነገር ደግሞ ይብሳል። ጉሮሮው ይዘጋል፤ አሥር ሰከንድና ከዚያ በላይ አየር ያጣል፤ ባንኖ ይተነፍስና መልሶ ይተኛል። ይህ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሠላሳ ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። ጠዋት ድካሙ እንጂ ሌላው አይታወሰውም። ውሎ ሲያድር የደም ግፊት አለ፣ መኪና እየነዱ ማሸለብ አለ።

ሁሉንም ሰው ሌሊቱን በመሣሪያ መመርመር ስለማይቻል ሐኪሞች በመጠይቅ ይጀምራሉ። ከታወቁት አንዱ «ስቶፕ ባንግ» ነው፤ ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ለቀዶ ሕክምና የሚገቡ ሰዎችን ለመለየት ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ታተመ። ስምንት ጥያቄ ነው፤ መልሱ አዎ ወይም አይ። ያንኮራፋሉ? ቀን ቀን ይደክምዎታል? ትንፋሽዎ ሲቋረጥ ያየ ሰው አለ? የደም ግፊትስ? ከዚያ ክብደት፣ ዕድሜ፣ የአንገት ዙሪያና ጾታ። ሦስት «አዎ» ያለው ይጠረጠራል፤ ሁለት ያለው «ብዙም አያሰጋዎትም» ይባላል።

እንግዲህ ይህ ወረቀት ሴኡል ሲደርስ ምን ይሁን? ቃላቱ ወደ ኮሪያኛ ይመለሳሉ፤ ሌላ ተርጓሚ መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይገለብጣቸዋል፤ ሁለቱ ይመሳከራሉ። (ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ይህ ዘዴ ለግጥም ቢሠራልን ኖሮ ስንት ክርክር በቀረልን ነበር!) ቁጥሩን ግን የማይነኩት አሉ። ቁጥር በየትም አገር ያው ቁጥር ነዋ!

እኔ ደግሞ ዋናው መተርጎም ያለበት ቁጥሩ ነው ባይ ነኝ። መጠይቁ ክብደት ከቁመት ጋር ተሰልቶ ከ35 ይበልጣል ወይ ይላል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው «አዎ» ለማለት ከ101 ኪሎ በላይ መመዘን አለበት። የኮሪያ ሐኪሞች ከልክ ያለፈ ውፍረት የሚሉት ግን ከ25 ይጀምራል፤ ለዚያው ሰው 72 ኪሎ ግድም መሆኑ ነው። በዚያ ላይ የምሥራቅ እስያ ሰዎች ብዙ ሳይወፍሩም በዚህ ሕመም እንደሚያዙ ተደጋግሞ ታይቷል፤ የመንጋጋቸውና የፊታቸው አጥንት አሠራር የአየር መተላለፊያውን ስለሚያጠበው ነው ይባላል። ስለዚህ 80 ኪሎ የሚመዝነው የሴኡል ሰውዬ እንደ ቶሮንቶው ታሞ ሳለ በአንድ ነጥብ ጎድሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሁለቱም እኩል ተጠይቀዋል፤ አንደኛው ግን «አዎ» የሚልበት ዕድል መጀመሪያውኑ አልነበረውም።

«ቁጥሩ ዝቅ ካለ ጤነኛውም አብሮ ይታፈሳል» የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ግን ያለአግባብ የተጠረጠረው ሰው አንድ ሌሊት ያባክናል፤ ያለአግባብ የተሸኘው መሪ ይዞ ያንቀላፋል። ሁለቱ ስሕተቶች አይመዛዘኑም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። ሎስ አንጀለስ ተወልዶ ያደገው የኮሪያ ልጅ በየትኛው ቁጥር ይለካ? ዘር አይቶ ቁጥር መቀነስ የፊተኛውን ስንፍና በሌላ ስንፍና መተካት ነው። ቁጥሩ መውጣት ያለበት ከእነዚያው ሕሙማን አልጋ አጠገብ፣ ሌሊት ከተለካው ነው።

ስለ ድካሙ ጥያቄ ብዙም አልል። እ.ኤ.አ. እስከ 2018 ድረስ በሳምንት እስከ 68 ሰዓት ማሠራት በተፈቀደበት አገር፣ ባቡር ላይ ተቀምጦ ማንቀላፋት ማንንም በማያስገርምበት ከተማ፣ «ይደክምዎታል?» ሲባል ማን «አይ» ይላል? ሕመምና ኑሮ በአንድ ሳጥን ይገባሉ።

«ትንፋሽዎ ሲቋረጥ ያየ ሰው አለ?» የሚለው ግን አይታለፍም። ጥያቄው አጠገብዎ የሚተኛ ሰው አለ ብሎ ነው የሚነሣው። ኮሪያ ውስጥ ዛሬ ከሦስት ቤት አንዱ ሰው ብቻውን የሚኖርበት ነው። የዚያ ቤት ሰው «አይ» ሲል «አልተቋረጠም» ማለቱ ነው ወይስ «ማን ሊያየኝ?» ማለቱ? ወረቀቱ አይለይም፤ ሁለቱንም ዜሮ ይሰጣቸዋል። በእኔ ቢሆን ከ35ቱም በፊት የሚስተካከለው ይህ ነበር፤ ከ«አይ» ጎን «ብቻዬን ነው የምተኛው» የሚል ሳጥን ይጨመር፣ እዚያ ላይ ምልክት ያደረገ ሰውም ሌላው ነጥቡ ቢያንስ እንኳ በዋዛ አይሸኝ።