ስለ ኀያላን ማኅበር

በ2004 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣው «አቬንጀርስ» የተባለው ፊልም፥ ትርጓሜውም «ተበቃዮች» ማለት ነው፥ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ወጣቶች አፍ ከአርበኞች ታሪክ ይልቅ ይተረካል። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፤ የጠላት ሠራዊት ከሰማይ ወርዶ ኒው ዮርክን ሊያጠፋ በመጣ ጊዜ፥ የብረት ልብስ የለበሰ ባለጸጋ፥ የጥንት የሰሜን አሕዛብ ያመልኩት የነበረው ባለ መዶሻው ቶር፥ ሲቈጣ አረንጓዴ ግዙፍ የሚሆን ሊቅ፥ ሌሎችም ሦስት ተሰብስበው ከተማዪቱን ያድናሉ።

ስለ ሥራው ረቂቅነት ክርክር የለንም። የሚያከራክረን፥ ይህ ጀግንነት ይባላልን? የሚለው ነው።

ጀግንነት የሚመዘነው በወደቀው ጠላት ብዛት አይደለም፤ ሰው ስለ ወንድሙ ሊያጣው በሚችለው ነገር ነው እንጂ። ጥይት የማይበሳው ሰው ወደ ጥይት ቢሮጥ ምን ምስጋና አለው? በዚያ ፊልም ልብ የሚነካው ኮልሰን የተባለው፥ ምንም ልዩ ኀይል የሌለው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። የጠላትን አለቃ ብቻውን ተጋፍጦ ሞተ፤ ሲነቃቀፉ የነበሩት ኀያላንም በእርሱ ሞት ተስማሙ። ነገር ግን አለቃቸው ፊዩሪ ኀዘናቸውን ሊያበረታ የሟቹን ካርዶች ከሣጥን አውጥቶ፥ በደም ነክሮ፥ «በኪሱ ነበሩ» ብሎ አሳያቸው፤ አንድነታቸውም በሐሰት ላይ ቆመ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ሠሪዎቹ ኮልሰንን በቴሌቪዥን ድራማ ከሞት መልሰው መሥዋዕቱን ሻሩት። በ2011 ዓ.ም. በወጣው ፊልም ግን ባለጸጋው በእውነት ሞተ፤ ተመልካችም አለቀሰለት። ሕዝብ ራሱ ሳያውቀው ፈረደ ማለት ነው፤ ያለቀሰው ለብረቱ ሳይሆን በብረቱ ውስጥ ለነበረው ሟች ሰው ነውና።

ይህን ከአገራችን ታሪክ ጋር እናስተያየው። በኢጣልያ ወረራ ዘመን የጎጃም አርበኞች አለቆች ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ በጀግንነት የታወቁ ቢሆኑም በቅንዓት ምክንያት የጎሪጥ ይተያዩ ነበር። ኰሎኔል ሳንፎርድ በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ጎጃም ከገቡ በኋላ ሁለቱን ለማስማማት ደከሙ፤ እነርሱም ተስማሙ። ባለ ጋሻ ሰው ከባላንጣው ጋር ሲታረቅ ክብሩን ያጣል፤ ይህም ነፍስን ከማጣት እምብዛም አይቀልም።

በየካቲት 1933 ዓ.ም. ጠላት የቡሬን ምሽግ ጥሎ የወጣው ከራሱ እጅግ ባነሰ ሠራዊት ተገፍቶ ነው። በዊንጌት ይመራ የነበረው የዚያ ሠራዊት ስም «ጌዴዎን» ይባል ነበር። የጌዴዎንን ነገር ካህናት ታውቃላችሁ፤ 32 ሺሁ ሰው ወደ 10 ሺህ፥ 10 ሺሁም ወደ 300 ወረደ፤ ድሉ የክንዳቸው እንዳይመስላቸው። ፊልሙ ኀይልን በኀይል ላይ ይደምራል፤ መጽሐፍ ግን ይቀንሳል።

«እኛስ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሦስት ጊዜ ሞቶ ተነሣ እንል የለምን?» የሚል ይኖራል። መልካም ጥያቄ ነው። ነገር ግን ኀይሉ የራሱ አልነበረም፤ ከሰይፍም አላዳነውም፤ በመጨረሻ አንገቱን ሰጠ። ሰማዕት ማለት ምስክር ነው፤ ምስክርም ቃሉ የሚታመነው ስለ ቃሉ ሲከፍል ነው።

ስለዚህ ልጆቻችንን ፊልም አትዩ ብሎ መከልከል አይጠቅምም፤ ተሰውረው ያዩታልና። ይልቁንስ አይተው ሲመለሱ አባት ወይም መምህር አንድ ነገር ይጠይቃቸው፤ «ያ ጀግና ስለ ሌላው ምን አጣ?» ልጁ መልስ ካገኘ ከፊልሙ ትምህርት አግኝቷል። መልስ ካጣም፥ ያየው ጨዋታ እንጂ ጀግንነት እንዳልሆነ በራሱ ልብ ይረዳዋል። ያን ጊዜ የቡሬን ነገር ብንነግረው በደስታ ይሰማናል።