አጣሪ ሆነህ ስትመረጥ

ልጄ፣ ወንድሞችህና እህቶችህ የአባታችሁን ውርስ እንድታጣራ መርጠውሃል። አሜሪካ ያሉት ደግሞ ውክልና ልከውልሃል። ቤቱ ውስጥ የምትኖረውም አንተው ነህ። ጠብ የሚነሣው እንዲህ ሁሉም ነገር በአንድ ሰው እጅ ሲገባ ነው። በጥብቅና ዘመኔ ብዙ ወንድማማቾች ፍርድ ቤት ሲካሰሱ ያየሁት አንዱ ሌባ ሆኖ ሳይሆን ሒሳብ ሳይዝ ቀርቶ ነው።

ወራሽ ስለሆንክ ለድርሻህ ልትከራከር ትችላለህ። በአጣሪነትህ ግን የሁሉም ነህ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 956 የአጣሪውን ሥራ ይነግርሃል፤ ኑዛዜ መኖር አለመኖሩን ትፈልጋለህ፣ ወራሾቹን ትለያለህ፣ ንብረቱን ታስተዳድራለህ፣ መክፈያ ጊዜያቸው የደረሰ ዕዳዎችን ትከፍላለህ። ከአባትህ እድርተኞች አንዱ «አባትህ ከእኔ ተበድሮ ነበር» ቢልህ አትቆጣው። ማስረጃውን ተቀበለውና መዝግብ።

በግቢው ያሉት የሰርቪስ ቤቶች ኪራይ የውርሱ ገቢ ነው። ከደመወዝህ ጋር አታቀላቅለው፤ ለብቻው የባንክ ሒሳብ ክፈትለት። ጣሪያ ብታስጠግን ደረሰኙን ያዝ። ባይጠይቁህም በየወሩ የገባውንና የወጣውን ጽፈህ ለሁሉም ላክላቸው። ዛሬ አምነውህ ዝም ያሉት፣ ከዓመታት በኋላ አንድ ያልተመዘገበ ወጪ ሲያገኙ አደራ በላ ይሉሃል፤ ያን ጊዜ ብትምልም አይሰሙህም።

በውክልናውም ተጠንቀቅ። ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር እንጂ ቤት ለመሸጥ አይበቃም፤ ለሽያጭ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ልዩ ውክልናው በእጅህ ቢሆንም እንኳ የእነሱን ድርሻ ለራስህ ወይም ለሚስትህ አትግዛ። መግዛት ከፈለግህ ውክልናውን መልስላቸውና ሌላ ሰው ወክለው በዋጋው ይደራደሩህ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ጎንደር ያለችው እህትህ ነገር ነው። «እናቷ ሌላ ናት፣ ከእኛ ጋር አላደገችም» እያላችሁ የወራሽነት ማስረጃ ያለ እሷ ልታወጡ እንደተማከራችሁ ሰምቻለሁ። ይህን አታድርጉ። አንቀጽ 836 ከጋብቻ ውጭ የተወለደን ልጅ ከሌላው አይለይም፤ በአንቀጽ 842 ደግሞ ልጆች እኩል ይወርሳሉ። ብትደብቋት፣ መብቷንና ንብረቱ በእናንተ መያዙን ካወቀች ጀምሮ እስከ 3 ዓመት ድረስ ከሳ ልታስመልስ ትችላለች። ክሱን እንኳ ተወው፤ ወራሽን አውቆ መደበቅ ለአጣሪ ትልቅ ነውር ነው።

እናንተ የያዛችሁት ጠበቃ እሷንም ልወክል ቢል እሺ አትበሉት። ጥቅማችሁ የሚጋጭ ሰዎች አንድ ጠበቃ ብትይዙ ለማን በሙሉ ልቡ ሊከራከር ይችላል? ከፍርድ ቤት ቀጠሯችሁ በፊት ለእህትህ ደውልላት። የአባቷን ንብረት ዝርዝር ላክላት፣ የራሷን ጠበቃ እንድትይዝም አንተው ንገራት። አቅም ካጠራት፣ ለጠበቃው የሚከፈለው ኋላ ከድርሻዋ የሚታሰብ ሆኖ አሁን ከኪራዩ እንዲሰጣት ወንድሞችህንና እህቶችህን አስፈቅድ፤ ፈቃዳቸውንም በጽሑፍ ተቀበል።