እጅ የሚያውቀውና ልብ የሚፈልገው

ልጆቼ፣ እናንተ ዛሬ ሥራ ልትቀጠሩ ስትሄዱ «ምን ላይ ጎበዝ ነህ?» ብለው ይጠይቋችኋል አሉ። እኛን ማንም አልጠየቀን። በ1991 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ በዘመቻ ሰሎሞን ስንመጣ ዕብራይስጡ አይገባንም፤ መጥረጊያ ሲሰጡን ጠረግን፣ ሳጥን ሲሰጡን ተሸከምን።

እኔ ብርቱካን የሚታሸግበት ቤት ገባሁ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ አለቃው የስምንት ሰው ኃላፊ አደረገኝ። ሁሉም የእኛው ሰዎች ስለነበሩ ቋንቋ ያግባባል ብሎ ነው እንጂ ብልሃት አይቶብኝ አይመስለኝም። ከስምንቱ አንዷ ከእኔ በዕድሜ ትንሽ ከፍ የምትል ሴት ነበረች። ካርቶን አጣፊ አደረግኳት። እጇ ቀርፋፋ ሆነ፤ ሰዎቹ ያጉረመርማሉ፣ እኔም እጮህባት ነበር። ይህን ስናገር አፍራለሁ።

አንድ ቀን ብርቱካን የሚመርጥ ሰው ቀረና በእሱ ቦታ አቆምኳት። በዓይኗ ብዙም አታይም፤ በመዳፏ ነካ ታደርግና ትለያለች። ላዩ አምሮ ውስጡ የላላውን ሁሉ አወጣችው።

«እታለም፣ እንዴት አወቅሽ?»

«ሸክላ ሠሪ አይደለሁ? ጭቃው ውስጥ ጠጠር ካለ የሚነግረኝ እጄ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ከዚያ ቦታ አላነሣኋትም። ተበላሽቶ የሚመለሰው ሳጥን ቀነሰ፣ እኔም ተመሰገንኩ። ልጅ ሳለሁ ቄሱ ዘንድ የተማርኩት ኦሪት ትዝ አለኝ፤ ለድንኳኑ ሥራ ከይሁዳ ባስልኤል፣ ከእኛው ነገድ ከዳን ኤልያብ በጥበባቸው ተመርጠው የለ? እኔም ሰውን በሚያውቀው ሥራ አሰማራሁ ብዬ ኮራሁ።

ዓመት ያህል ቆይታ፣ ሻይ ስንጠጣ መጣች።

«ወንድሜ፣ ከዚህ ሥራ አንሣኝ።»

«ምነው? ካንቺ የሚሻል የለም እኮ!»

«ሸክላውን ወድጄ የሠራሁት መሰለህ? ርስት የላችሁም ሲሉን ነው ጭቃ የያዝነው። እጄ የተማረው ቸግሮት ነው። አንተም እጄን አየህ፤ እኔን ግን አልጠየቅኸኝም።»

ዝም አልኩ። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ብዙዎቻችን በሰው መሬት ጭሰኞች ነበርን። ማረሻውን ከእኛ ይገዛሉ፣ ማሰሮውን ከእኛ ይገዛሉ፣ ዞር ብለው «ቡዳ» ይሉናል። ጎበዝ መሆናችንን ያላወቀ አልነበረም። ማወቃቸው ምን ረባን?

ማታ ኦሪቱን መልሼ ሳስብ ያለፍኩት ነገር ታየኝ። ወደ ድንኳኑ ሥራ የመጡት ጥበብ ያላቸው ብቻ ሳይሆኑ ልባቸው ያነሣሣቸው ናቸው። ቄሱ ይህን ሳያስተምሩን አልቀሩም፤ ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ሁሉም ልቡ ያለውን ልሥራ ካለ ታዲያ ብርቱካኑን ማን ይመርጣል? ለዚህ እስከ ዛሬ ልኩን መልስ አላገኘሁም።

በማግስቱ «ምን መሥራት ትፈልጊያለሽ?» ብላት ጣቷን ወደ ማልጌዛው፣ ወደዚያ ዕቃ ማንሻ መኪና ቀሰረች። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ለአለቃው ብነግረው እሱም ሳቀ፤ ፈቃድ ካወጣች ግን ይሁን አለ። ማንበብ አትችልም፤ ልጇ ማታ ማታ መጽሐፉን እያነበበችላት በቃሏ ያዘችው። መጀመሪያ ወደቀች፣ በሁለተኛው አለፈች።

መምረጡን ለሁለት ወጣቶች አሳየቻቸው፤ እንደ እሷ ግን አልሆኑም። የሚመለሰው ሳጥን እንደገና ጨመረ። አለቃው ምን ሆነ ብሎ ቢጠይቀኝ፣ በመስኮቱ ማልጌዛዋን እየነዳች ስታልፍ አሳየሁት።